አልጋውን የሚያነጥፈው ማን ነው?

ብቻቸውን ወደ ብሪታንያ ስለሚመጡ ስደተኛ ልጆችና ስለ አካባቢ አስተዳደሮች ድርሻ፣ በእንግሊዝ ለሚኖሩ የሀገር ልጆች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውቅ። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን የምለው ለወጉ ያህል እንዳይመስላችሁ፤ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት የአንድን ልጅ ዕጣ እንዴት እንደሚያጣምም ኋላ ላይ አነሣዋለሁ።

በፌብሩዋሪ 2017 የብሪታንያ መንግሥት፣ በአውሮፓ ያለ ወላጅ ከቀሩት ስደተኛ ልጆች መካከል በጠቅላላው 350 ብቻ ተቀብሎ መርሐ ግብሩን እንደሚያበቃ አስታወቀ። በኤፕሪል ወር ቁጥሩ 480 ሆነ። በመካከሉ አዲስ ጦርነት አልተነሣም፤ ፓርላማው ሐሳቡን አልቀየረም፤ የማንም ሚኒስትር ልብ አልራራም። በአንድ የሀገሪቱ ክፍል ያሉ የአካባቢ አስተዳደሮች «ልንቀበል እንችላለን» ብለው ያቀረቡት 130 ቦታ በአስተዳደር ስህተት ከድምሩ ውጭ ቀርቶ ነበርና ሲገኝ ተደመረ። ነገሩ ይኸው ነው። ስህተቱ ባይገኝ ኖሮ 130 ልጆች መምጣት እንደሚችሉ ማንም ሳያውቅ ይቀር ነበር።

እዚህ ያለን ሁላችን የአካባቢ አስተዳደሩን ካውንስል እያልን ስለምንጠራው እኔም እንደዚያው እላለሁ። ዛሬ ልናገር የመጣሁት አንድ ነገር ነው፦ ስደተኛ ልጅን ለመቀበል ቃል የሚገባው ፓርላማ ቢሆንም አልጋ የሚያነጥፈው ካውንስል ነው። የእነዚህ ልጆች ጉዳይ ያንገበግበኛል የሚል ሰው ዓይኑን ፓርላማው ባለበት በዌስትሚንስተር ላይ ብቻ ተክሎ ከዋለ፣ ጉዳዩ የሚያልቅበትን ቤት ስቶታል።

ያ 480 ከየት እንደመጣ ትንሽ ልቆይበት። መርሐ ግብሩ የመጣው በኢሚግሬሽን ሕግ ላይ ከቀረበ ማሻሻያ ነው፤ ማሻሻያውን ያቀረቡት የላይኛው ምክር ቤት አባል ሎርድ አልፍ ዳብስ ናቸው። በ1939፣ በስድስት ዓመታቸው፣ ከፕራግ በባቡር ተሳፍረው ወደ ለንደን የመጡ ሰው ናቸው። ከ1938 መጨረሻ አንሥቶ ጦርነቱ እስኪፈነዳ ድረስ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ፣ አብዛኞቹ አይሁዳውያን የሆኑ ልጆች በዚያ መንገድ ከናዚዎች አምልጠዋል። ያን ዘመን የሚያወድሱ ብዙዎች ናቸው፤ ማወደሱ ይገባል። ነገር ግን መንግሥት መግቢያውን ፈቀደ እንጂ ወጪውን አልቻለም ነበር። ለአንድ ልጅ 50 ፓውንድ ዋስትና ይጠየቅ ነበር፤ ቤት እየፈለጉ ልጆቹን ያስቀመጡት የበጎ አድራጎትና የሃይማኖት ማኅበራት ናቸው። ደግ ቤተሰብ የገጠመው ልጅ ዳነ። አንዳንዱ ደግሞ ያለ ክፍያ የቤት ሠራተኛ ሆኖ አደገ፤ ሄዶ የሚጠይቀው ሰውም አልነበረም። የዛሬው ሥርዓት ከነእንከኑ ከዚያ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው፤ ዛሬ በስሙ ተጠርቶ የሚጠየቅ አካል አለ።

ዳብስ በ2016 መጀመሪያ የጠየቁት 3,000 ልጆች እንዲገቡ ነበር። የታችኛው ምክር ቤት 294 ለ276 በሆነ ድምፅ ጣለው። ከዚያ ማሻሻያው ቁጥር ሳይኖረው ተመልሶ ቀረበና የዚያው ዓመት የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 67 ሆኖ ጸደቀ፤ ቁጥሩን መንግሥት ከካውንስሎች ጋር ተማክሮ ይወስናል ተባለ። ይህችን «ተማክሮ» የምትል ሐረግ ልብ በሉልኝ። 3,000 የነበረው ሐሳብ 480 ሆኖ የወጣው በእርሷ በኩል ነው። ስንት ቦታ አላችሁ ተብለው የተጠየቁት ካውንስሎች ለዓመታት በጀታቸው ሲቀነስ የኖረ፣ ለራሳቸው አካባቢ ልጆች እንኳ አሳዳጊ የቸገራቸው ነበሩ። በቂ ገንዘብ ሳይሰጡ «ስንት ትችላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ መልሱን አስቀድሞ መጻፍ ነው። መርሐ ግብሩም በ2020 «ኮታው ሞልቷል» ተብሎ ተዘጋ።

እነዚህ 480ዎቹ ሕጋዊ መንገድ ተከፍቶላቸው የመጡ ናቸው። ከእነርሱ እጅግ የሚበዙት በጀልባ ወይም በጭነት መኪና ተደብቀው የሚደርሱት ናቸው። በማርች 2023 መጨረሻ በእንግሊዝ ካውንስሎች እንክብካቤ ሥር የነበሩት ብቻቸውን የመጡ ጥገኝነት ጠያቂ ልጆች 7,290 ነበሩ፤ በእንክብካቤ ሥር ካሉት ልጆች ሁሉ 9 በመቶ ያህል ማለት ነው። አብዛኞቹ 16 እና 17 ዓመት የሞላቸው ወንዶች ናቸው። ከመካከላቸው የኤርትራ፣ የሱዳንና የኢትዮጵያ ልጆች እንዳሉባቸው ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ዓርብ ዓርብ መስጊድ ውስጥ ታዩአቸዋላችሁ።

ሕጉ ስለ እነርሱ የሚለው ግልጽ ነው። መሠረቱ የ1989 የልጆች ሕግ ነው። አንቀጽ 20 በካውንስሉ ወሰን ውስጥ የተገኘ፣ የወላጅነት ኃላፊነት ያለበት ሰው የሌለው ወይም ጠፍቶ የተገኘ ልጅ ማደሪያ እንዲሰጠው ያዝዛል። ሕጉ የልጁን ዜግነት አይጠይቅም። በዚያው ዓመት የወጣውና ብሪታንያ በ1991 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 22፣ ወላጆቹ ሊገኙለት ያልቻሉ ስደተኛ ልጅ ቤተሰቡን እንዳጣ እንደ ማንኛውም ልጅ ጥበቃ ይገባዋል ይላል።

ሕጉ መሬት ላይ ሲወርድ እንዲህ ነው። ልጁ በፖሊስ ወይም በድንበር ጠባቂ እጅ ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመሸ በኋላ። የካውንስሉ ተረኛ ማኅበራዊ ሠራተኛ ይደወልለታል። ተረኛውም በተራው የአደራ ቤተሰቦችን፣ ማለትም በካውንስሉ ተመዝግበው ልጅ በቤታቸው የሚያሳድጉትን፣ ዝርዝር አውጥቶ ይደውላል። «አንድ ልጅ አለ፤ 15 ዓመቴ ነው ይላል፤ ትግርኛ ተናጋሪ ይመስለናል። ለዛሬ ሌሊት ትቀበሉታላችሁ?» አሳዳጊዋ ከዚህ ሌላ የምታውቀው ነገር የለም። ልጁ የሚበላውን አታውቅም፤ ጾመኛ ይሁን ሙስሊም አታውቅም፤ በመንገድ ላይ ማን እንደመታው አታውቅም። ልጁ ይመጣል። ሻንጣ የለውም። ብዙ ጊዜ አጥብቆ የሚይዘው ስልኩን ብቻ ነው፤ የመጀመሪያ ጥያቄውም የምግብ ሳይሆን የዋይፋይ ቁጥር ነው። ይህን እንደ ብልግና የሚያዩ አሳዳጊዎች አጋጥመውኛል። እናቱ መሞት አለመሞቱን እየጠበቀች እንደሆነ ሲነገራቸው ግን ፊታቸው ይለወጣል።

ከዚያ ሥርዓቱ መቁጠር ይጀምራል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሄዶ ያየዋል፤ በኋላም ቢያንስ በየስድስት ሳምንቱ። በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ የጤና ምርመራ ይደረግለታል። በነዚያው 20 የሥራ ቀናት ውስጥ ከማኅበራዊ ሠራተኛው ነጻ የሆነ ገምጋሚ ስብሰባ ጠርቶ እንክብካቤውን ይፈትሻል፤ ቀጥሎ በሦስት ወር፣ ከዚያም በየስድስት ወሩ። የትምህርት ዕቅድ ይወጣለታል። እያንዳንዱ ካውንስል በእንክብካቤው ሥር ያሉትን ልጆች ትምህርት ብቻ የሚከታተል ኃላፊ እንዲሾም ከ2014 ጀምሮ በሕግ ይገደዳል።

ወረቀቱ ያማረ ነው። ልጁ ጋ ሲደርስ ግን ይቆራረጣል። የ16 ዓመት ልጅ በትምህርት ዘመኑ አጋማሽ ሲመጣ ትምህርት ቤቶች የመልቀቂያ ፈተናቸውን ውጤት እያሰቡ ያመነታሉ፤ ኮሌጆችም የእንግሊዝኛ ክፍላቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በሴፕቴምበር ነውና በጃንዋሪ የደረሰው ልጅ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ጣሪያ ያያል። እንቅልፍም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ለወራት ሌሊት ሲጓዝና ቀን ሲደበቅ የኖረ ሰውነት አልጋ ስላገኘ ብቻ ሌሊት አይተኛም። በኬንት ያሉ የጤና ባለሙያዎች ይህን አስተውለው ለልጆቹ የሌሊት መብራት ያለበት የእንቅልፍ ጥቅል ማደል ጀምረው ነበር። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን ልጅ «ሰነፍ» ከሚለው ሪፖርት ግን ታድናለች።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። በአንቀጽ 20 የሚኖር ልጅ ላይ ካውንስሉ የወላጅነት ሥልጣን የለውም። ያንን የሚሰጠው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ ለአብዛኞቹ ብቻቸውን ለመጡ ልጆች ደግሞ ማንም አይጠይቅላቸውም። ስለዚህ በዚህ ሀገር ስለ ልጁ በወላጅ ሥልጣን የሚፈርም አንድም ሰው የለም። ቀዶ ጥገና ሲያስፈልገው ወይም ከጠበቃው ጋር ሳይግባባ ሲቀር ክፍተቱ ያኔ ይታያል። ስኮትላንድ ከ2010 ጀምሮ ለእነዚህ ልጆች አጠገባቸው የሚቆም ሞግዚት ስትመድብ ቆይታ በ2023 በሕግ አጽንታዋለች። እንግሊዝ ለሁሉም እንዲህ አላደረገችም፤ ላለማድረጓም የሚያሳምን ምክንያት ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ካርታው እንሂድ። ጀልባዎቹ የሚደርሱበት የዶቨር ወደብ ኬንት ውስጥ ነው። ሄትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሂሊንግደን ውስጥ ነው። የጥገኝነት ጥያቄ የሚቀርብበት ሉናር ሀውስ የሚባለው ሕንጻ ክሮይደን ውስጥ ነው። ሕጉ «በወሰንህ የተገኘ ልጅ ያንተ ነው» ስለሚል የሀገሪቱ ጭነት ለዓመታት በነዚህ ጥቂት ካውንስሎች ትከሻ ላይ አረፈ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። በጁላይ 2016 የዝውውር መርሐ ግብር ተጀመረ። አንድ ካውንስል በወሰኑ ካሉት 10,000 ልጆች ከ7 በላይ የሚሆኑ ብቻቸውን የመጡ ልጆች ከያዘ ሌሎቹ እንዲያግዙት ታሰበ። ግን በፈቃደኝነት ነበር። ፈቃደኝነት ደግሞ እንደምታውቁት ሲቀልል ይበዛል፣ ሲከብድ ይጠፋል።

በኦገስት 2020 ኬንት «ከዚህ በላይ አልችልም» ብሎ አዲስ ልጆችን መቀበል አቆመ። በጁን 2021 ደግሞ አቆመ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ከጁላይ 2021 ጀምሮ ልጆቹን ሆቴል ውስጥ ማስቀመጥ ያዘ፤ ማኅበራዊ ሠራተኛ ያልተመደበላቸው፣ የየትኛውም ካውንስል ያልሆኑ ልጆች። በጃንዋሪ 2023 ሚኒስትሮች ለፓርላማ የሰጡት ቁጥር ይህ ነው፦ በሆቴሎቹ ካለፉት 4,600 ልጆች መካከል 440 የመጥፋት ክስተት ተመዝግቦ 200ዎቹ እስከዚያ ቀን አልተገኙም ነበር። ሁለት መቶ ልጆች። አንድ ካውንስል በእንክብካቤው ሥር ያለ አንድ ልጅ ሲጠፋበት ፖሊስ ይጠራል፣ ስብሰባ ይቀመጣል፣ ዳይሬክተር ይጠየቃል። እነዚህ ሁለት መቶዎቹ ግን የማን እንደነበሩ ለመወሰን ፍርድ ቤት አስፈለገ።

በጁላይ 2023 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደ። ሚኒስቴሩ ልጆችን በሆቴል ማኖርን የዘወትር አሠራር ማድረጉ ሕገ ወጥ ነው አለ። ኬንትም ልጆቹን አልቀበልም ማለቱ ሕገ ወጥ ነው አለ። እኔ ፍርዱን የምወደው ለሁለቱም ስላልራራ ነው። ኬንት ተበድሏል፤ ጎረቤቶቹ ዞር ብለው አላዩትም። ነገር ግን ጎረቤት ስላላገዘኝ በሬን እዘጋለሁ ማለት በሩ ላይ የቆመውን ልጅ መቅጣት ነው። በመካከሉ፣ በ2021 መጨረሻ፣ መንግሥት የዝውውሩን መርሐ ግብር በሁሉም ካውንስሎች ላይ ግዴታ አደረገው፤ በ2022ም ጣሪያው ለ10,000 ልጆች ከ7 ወደ 10 ከፍ አለ። ቁጥሩን በደንብ ስታዩት ጭነቱ ለብቻው የሚከብድ እንጂ ሲካፈል የሚከብድ እንዳልነበረ ይገባችኋል።

ስለ ገንዘቡም ላንሣ፤ ገንዘብ ያልተነሣበት የልጆች ስብሰባ እዚህ ሀገር የለምና። ሚኒስቴሩ ለካውንስል የሚከፍለው ለእያንዳንዱ አዳር ተሰልቶ ነው። በ2016 ሂሳቡ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ 114 ፓውንድ፣ ለ16 እና 17 ዓመቱ 91 ፓውንድ ነበር፤ ልጅ ሲያድግ ወጪው የሚቀንስ ይመስል። ያ ልዩነት በኋላ ቀረ። በ2020 ብዙ ልጅ ለያዙት ካውንስሎች 143 ፓውንድ ሆነ፣ ለሌሎቹ 114። አንድ ልጅ በካውንስሉ የራሱ የአደራ ቤተሰብ ቤት ካደረ ይህ ገንዘብ ሊዳረስ ይችላል። ካውንስሉ የራሱ አሳዳጊ አጥቶ ከግል ድርጅት ቦታ ሲገዛ ግን ሂሳቡ ይዛባል፤ የማኅበራዊ ሠራተኛው ደመወዝ፣ የአስተርጓሚው ሰዓት፣ የጠበቃ ቀጠሮ ትራንስፖርት ሁሉ ከዚያው ነው የሚወጣው። «ገንዘቡ ይበቃል» የሚል ሚኒስትርና «አይበቃም» የሚል ካውንስል ሁለቱም ልክ የሚሆኑት ለዚህ ነው። ልዩነቱ ያለው ካውንስሉ ስንት የራሱ አሳዳጊ ቤተሰብ አለው በሚለው ላይ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ እናንተ የሚመለስ ነገር ስለሆነ።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር አነሣለሁ ብዬ ነበር። ልጁ ወረቀት የለውም። ዕድሜው አጠራጣሪ ሲሆን ካውንስሉ ምዘና ያደርጋል። በ2003 የመርተን ካውንስል ጉዳይ ላይ የተሰጠው ፍርድ መልክን ብቻ አይቶ መወሰን እንደማይበቃ አስረግጧል፤ የልጁን ታሪክ መጠየቅ፣ የተጠራጠሩበትን ነገር ለልጁ ነግረው መልሱን መስማት፣ ምክንያቱን መግለጽ ግድ ነው። በተለመደው አሠራር ሁለት የሠለጠኑ ማኅበራዊ ሠራተኞች፣ አስተርጓሚና ከልጁ ጎን የሚቀመጥ አንድ ገለልተኛ አዋቂ ይገኛሉ።

አሁን የኢትዮጵያን ልጅ እዚያ ክፍል ውስጥ አስቀምጡት። «መቼ ተወለድክ?» ይባላል። «በ1999» ይላል። እውነቱን ነው የተናገረው። አስተርጓሚው ቁጥሩን ብቻ አሳልፎ ከሰጠ፣ በ2023 እዚያ የተቀመጠው የ16 ዓመት ልጅ በፋይሉ ላይ የ24 ዓመት ጎልማሳ ይሆናል። በኋላ ሰው አስረድቶት «2007 ነው» ሲል ደግሞ «ቃሉን ለወጠ» ተብሎ ይጻፍበታል። ዓመቱ የሚለወጠው በመስከረም ስለሆነ ልዩነቱ አንዳንዴ ሰባት አንዳንዴ ስምንት ዓመት ነውና ጠያቂው ሲደምር አይገጥምለትም፤ አለመግጠሙም እንደ ውሸት ይቆጠራል። ከዚህ ላይ ጨምሩበት፦ በገጠር ያደገ ልጅ የተወለደበትን ቀን ላያውቅ ይችላል፤ እናቱ የምታስታውሰው የጥምቀት ሰሞን ወይም የአዝመራው ዓመት መሆኑን ነው። የልደት ቀን የማያውቅ ሰው ለእንግሊዛዊ መዛኝ የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ከአዋቂ ጋር ተመድቦ በአዋቂዎች ማደሪያ የሚያድር ልጅ የሚመጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ጠረጴዛ ነው። አዋቂ ሆኖ ሳለ ልጅ ነኝ የሚል የለም አልልም፤ አለ፤ ከልጆች ጋር አንድ ቤት ማደሩም አደጋ አለው። ለዚያ ነው ምዘናው በጥንቃቄ መሠራት ያለበት። የምታስተረጉሙ ሰዎች ካላችሁ፣ «በየትኛው አቆጣጠር?» ብላችሁ መጠየቃችሁን ለጠያቂው በግልጽ ንገሩ፤ በቃለ ጉባኤው ላይም ይጻፍ።

ስለ አስተርጓሚ ካነሣን፦ የኤርትራን ልጅ «አማርኛም ይሰማል» ብሎ በአማርኛ ማነጋገር፣ ወይም የኦሮሞን ልጅ ቋንቋውን ሳይጠይቁ ከመጀመሪያው በአማርኛ መጀመር ዛሬም ይደረጋል። ልጁ ጨዋ ስለሆነ እሺ ይላል። ጉዳዩም በማይጨብጠው ቋንቋ ይመዘገባል።

አስቸጋሪው ድልድይ 18 ዓመት ነው። ለሀገሬው ልጅም ይከብዳል፤ ጥገኝነቱ ላልተወሰነለት ልጅ ግን ከእግሩ ሥር መሬቱ ይንሸራተታል። ቀድሞ አንዳንድ ካውንስሎች ልጆቹን የሚረዱት በአንቀጽ 20 ሳይሆን ለችግረኛ ልጆች ስለሚሰጥ ጠቅላላ እርዳታ በሚናገረው በአንቀጽ 17 ነው እያሉ ከ18 ዓመት በኋላ ያለውን ግዴታ ያመልጡ ነበር። በ2003 በሂሊንግደን ላይ የተሰጠው ፍርድ ያንን ቀዳዳ ደፈነ፤ ስሙን ምንም በሉት፣ ልጁን አኑራችሁታል፣ ስለዚህ ከእንክብካቤ ሲወጣም ኃላፊነታችሁ አይቆምም የሚል ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ወጣት የግል አማካሪ ይመደብለታል፣ የወደፊት ዕቅዱ ይጻፍለታል፤ በ2017 ከወጣው የልጆችና የማኅበራዊ ሥራ ሕግ ወዲህ ድጋፉን እስከ 25 ዓመቱ መጠየቅ ይችላል። ሚኒስቴሩም ለካውንስሉ ለአንድ ወጣት በሳምንት 270 ፓውንድ መክፈል ጀመረ።

ነገር ግን መስፈርት አለው። ወጣቱ ሙሉ መብቱን ለማግኘት 14 ዓመት ከሞላው በኋላ በድምሩ ቢያንስ 13 ሳምንት በእንክብካቤ ሥር መቆየት አለበት፤ ከዚያም ውስጥ የተወሰነው 16 ዓመት ከሞላው በኋላ መሆን አለበት። 18ኛ ልደቱ ሁለት ወር ሲቀረው የደረሰ ልጅ ይህን አያሟላም። በሆቴል ውስጥ የባከኑት ሳምንታት ለምን ያን ያህል ከባድ እንደነበሩ አሁን ይገባችኋል፤ ልጁ ሆቴል ተቀምጦ የሚያሳልፈው እያንዳንዱ ሳምንት ከዚያ 13 ውስጥ ሳይቆጠር የሚያልፍ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ያለ ልጅ ጠበቃ ማግኘት ያለበት 18 ሳይሞላው ነው፤ ልደቱ ካለፈ በኋላ ጉዳዩ ሁለት እጥፍ ይከብዳል።

ስለ ቤተሰብ ጥቂት ልበል። ጥገኝነት የተፈቀደለት አዋቂ ባለቤቱንና ልጆቹን እንዲያመጣ የሚያስችል ደንብ ነበረ፤ በሴፕቴምበር 2025 አዲስ ማመልከቻ መቀበል ቆመ። ጥገኝነት የተፈቀደለት ልጅ ግን እናቱን እንዲያመጣ የሚያስችል ደንብ ያኔም አልነበረም። ሚኒስትሮቹ ልጆች ቤተሰብ ለማስከተል ቀድመው እንዳይላኩ ነው ይላሉ። በሰሐራ በኩል ልጇን ስለምትልክ እናት ይህን ያሰበ ሰው ሰሐራን በካርታ ብቻ ያየ ነው። ካውንስሉ ደንቡን መለወጥ አይችልም። የሚችለው ልጁ የጠፉ ቤተሰቦቹን በቀይ መስቀል በኩል እንዲያፈላልግ መርዳት ነው፤ ያንን የማያስታውስ ማኅበራዊ ሠራተኛ ካጋጠማችሁ አስታውሱት። ግን ልጁን ሳትጠይቁ አይሁን። ስሙ ተጽፎ ሀገር ቤት እንዳይደርስ የሚፈራ ልጅ አለ።

እንግዲህ ወደ እናንተ። ካውንስሎች አሳዳጊ ቤተሰብ ይፈልጋሉ፤ ከእኛ ማኅበረሰብ የሚመዘገበው ግን ጥቂት ነው። ብዙዎቻችሁ «ቤት የለኝም፣ ተከራይ ነኝ፣ ባል የለኝም» እያላችሁ ታፈገፍጋላችሁ። ተከራይ መሆን አይከለክልም። ያላገቡ ሴቶችና ወንዶች ያሳድጋሉ። ለልጁ የሚሆን ትርፍ መኝታ ክፍል መኖር አለበት፤ ይህ በለንደን የቤት ኪራይ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የወንጀል መዝገብ ይጣራል፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ ቤታችሁ እየተመላለሰ ልጅነታችሁንና ትዳራችሁን ሳይቀር ይጠይቃል፣ ወራት ይወስዳል። አበሻ ጓዳውን ለባዳ ማሳየት አይወድም፤ ገባኝ። ለልጁ ግን ያ ምርመራ ጥበቃው ነው፤ በ1939 ለአንዳንዶቹ ልጆች የጎደለውም እሱ ነበር።

ደግሞ አንድ ነገር ልናገርና ቅር እንዳትሉኝ። የእኛ ቤት ለእኛ ልጅ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ብዬ አላምንም። በቋንቋው የሚያጽናናው ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በሀገር ቤት ፖለቲካ የቆሰለ ልጅ የሀገሩን ሰው ይፈራል፤ የጠረጴዛ ወሬያችንን ይፈራል፤ «የማን ልጅ ነህ? ከየት ወገን?» የሚለውን ጥያቄ ይፈራል። እንግሊዛዊት አሮጊት ቤት ገብቶ ሰላም ያገኘ ልጅ ስታዩ አትዘኑ። ምርጫ እንዲኖረው ነው የምንፈልገው፤ ምርጫ እንዲኖረው ደግሞ በዝርዝሩ ላይ የእናንተም ስም መኖር አለበት።

ሕግ ስለሚነካችሁ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። የዘመድ ያህል የምታውቁት ሰው ልጅ፣ ወይም ከየትም የመጣ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እናንተ ዘንድ 28 ቀንና ከዚያ በላይ ከተቀመጠና እናንተ አያቱ፣ አጎቱ፣ አክስቱ፣ ወንድሙ፣ እኅቱ ወይም እንጀራ ወላጁ ካልሆናችሁ ለካውንስሉ ማስታወቅ ግዴታችሁ ነው። «የሀገር ልጅ ነው፣ አሳድሬው ነው» ማለት አያድንም። ማስታወቅ ልጁን ይነጥቀኛል ብላችሁ አትፍሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰው መጥቶ አይቶ፣ ሁኔታው ደህና ከሆነ እዚያው ይተወዋል፤ ልጁም ትምህርት ቤትና ሐኪም ያገኛል። ሳይነገር የኖረ ልጅ ግን 18 ሲሞላው ከላይ ያልኳችሁን መብት የሚያስቆጥርለት አንድም ወረቀት አይኖረውም።

በየካውንስሉ፣ በእንክብካቤ ሥር ላሉ ልጆች የወላጅነት አደራ ያለባቸው የተመረጡ የምክር ቤት አባላት አሉ፤ የሚሰበሰቡበት ኮሚቴም አለ። ኢሜይላቸው በካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ ተለጥፏል። ከልጆቻችን ስንቱ ከከተማው ውጭ ተቀምጧል? ስንቱ ከሦስት ወር በላይ ትምህርት ቤት ሳይገባ ቆይቷል? ዕድሜያቸው ተጠርጥሮ ከተመዘኑት ስንቶቹ በይግባኝ ረቱ? እነዚህን በጽሑፍ ጠይቁ። በጽሑፍ የተጠየቀ በጽሑፍ ይመልሳል፤ በስብሰባ ላይ የተጠየቀ ግን አንገቱን ነቅንቆ ያልፋችኋል።

አሁን ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። ስለ አሳዳጊነት ምዝገባው የምትጠይቁትን ግን ከስብሰባው በኋላ በግል ብናወራው ይሻላል፤ የትዳርና የኑሮ ጉዳይ ስለሚነሣበት።